ፍሬን ሲጮኽ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ ከተማ አልፎ፣ በአምባሰል ምድር ውጫሌን አቋርጦ ወደ መርሳና ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ ወሎዬ ጥቂት ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከሠራቸው ታላላቅ ጎዳናዎች አንዱ ይህ ነው። ከመንገዱም ጋር ቃላት ትቶልናል፤ «ፍሬን» የምንለው «ፍሬኖ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። መንገዱ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ የሚበዛበት ስለ ሆነ፣ ለሐይቅና ለአምባሰል ቤተ ሰብ የፍሬን ነገር የሕይወት ነገር ነው። ስለዚህ ፍሬን ሲጮኽ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ከጎማው ጋር አብሮ በሚዞረው ብረት ላይ ይጫናል። ሸራው ብረቱን ያዝ ለቀቅ እያደረገ እጅግ ፈጥኖ በተንቀጠቀጠ ጊዜ ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይወለዳል፤ የማሲንቆ ደጋን ጭራውን ሲያሸው ድምፅ የሚሰጠውም በዚሁ ሥርዓት ነው። ችግሩ አዲስ አይደለም። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ባስመዘገበ ጊዜ መያዣው መዳብ ስለ ነበረ ጩኸቱ እጅግ ያስቸግር ነበር። ኸርበርት ፍሩድ በመዳቡ ፈንታ አስቤስቶስ ያለበትን ሸራ ባገባ ጊዜ ጩኸቱ ቀለለ። ነገር ግን አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳ መሆኑ ስለ ታወቀ በብዙ አገር ተከልክሏል። የፍሬን አቧራ በአፍ እፍ የማይባለውና በአየር የማይነፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረገው ስለዚህ ነው።

ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። ሌሊት በዝናብ ወይም በጤዛ ያደረ መኪና ጠዋት ቢጮኽና ጥቂት ጊዜ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ዝም ቢል፣ ብረቱ ላይ ያረፈው ስስ ዝገት ነውና አያስፈራም። ጩኸቱ ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ ግን ሸራው ሳስቶ ይሆናል፤ በብዙ መኪናዎች ላይ ሸራው ሲያልቅ ብረቱን እየነካ እንዲጮኽ ሆን ተብሎ የተሠራ ትንሽ ቆርቆሮ አለ። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ያለ ዕረፍት ሲረገጥም ሸራው ግሎ ፊቱ እንደ መስተዋት ይለሰልስና ይጮኻል። ድምፁ ወደ መፋቅ ከተለወጠ ግን ብረት ብረትን መብላቱ ነውና መኪናው ሳይጠገን መንገድ ሊወጣ አይገባም።

ጥገናው እንዲህ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ ለጎማዎቹ ታኮ ይደረጋል፤ በክሪክ ብቻ ሳይታመን በጠንካራ መደገፊያ ይያዛል። ጎማው ከወለቀ በኋላ የሸራው ውፍረት ይታያል፤ የጀርባው ብረት ሳይቆጠር ወደ 3 ሚሊሜትር ከወረደ መለወጥ አለበት፤ የግራው ሲለወጥ የቀኙም አብሮ ይለወጣል፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ፊቱ በጥቂቱ የለሰለሰ ብቻ እንደ ሆነ እርጥብ ተደርጎ በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይታሻል፤ ከተሰነጠቀ ግን ይጣላል። ሙቀት የሚችል ግራሶ በሸራው ጀርባና በሚንሸራተትባቸው ስፍራዎች ላይ ብቻ በስሱ ይቀባል። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ለታመነ መካኒክ ይስጥ።

አንዳንድ ሰው ጩኸቱን ዝም ለማሰኘት በሸራው ላይ ዘይት ጠብ ያደርጋል። የበር ማጠፊያ ሲጮኽ ዘይት ማድረግ መልካም ነው፤ የማጠፊያ ተግባር መንሸራተት ነውና። የፍሬን ተግባር ግን መያዝ ነው፤ ዘይት የነካው ፍሬን ዝም ይላል፣ አይዝምም። እንዲህ ያለው ጸጥታ ከጩኸቱ ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

ቁልቁለት ከመጀመሩ አስቀድሞ ወደ ከባድ ማርሽ መመለስ ሸራውን ከመጋል ያድነዋል። የፍሬን ዘይትም በጊዜ ብዛት ከአየር ውሃ ይስባል፤ ውሃ የገባበት ዘይት በቁልቁለት ሙቀት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ በብዙ መኪናዎች ላይ በየ2 ዓመቱ ይለወጣል።

በመጨረሻም ለተሳፋሪዎች አንድ ቃል አለን። በሚኒባስ ተሳፍራችሁ ፍሬኑ ሲፋቅ የሰማችሁ እናቶችና አባቶች፣ ሾፌሩን በትሕትና «ልጄ፣ ፍሬንህን አሳየው» ማለትን አትፈሩ። ወቀሳ ሳይሆን ምክር ነው። የሸራ ዋጋ ቢወደድም የተሳፋሪ ነፍስ ዋጋ የለውም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፣ ፍሬኑ በደልዳላው ሲጮኽ የሰማ ባለ መኪና ቁልቁለቱ ሳይደርስ ያስጠግነው።