የዳነ ሰው ለታመመው ወንድሙ መሪ ነው

አባቶቻችን «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ሲሉ ያወረሱን ቃል ከሁሉ ይልቅ ለአእምሮ ሕመምተኛ የሚስማማ ነው። በፓሪስ በቢሴትር ሐኪም ቤት የሕሙማን አለቃ የነበረው ዣን ባቲስት ፑሳን፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1797 ዓ.ም. የብረቱን ሰንሰለት ከሕሙማን ላይ አስፈታ፤ አስታማሚዎቹንም ከዳኑት መካከል ይመርጥ ነበር፤ መከራውን የቀመሰ ሰው በታመመው ላይ እጁን ለማንሣት አይቸኵልምና።

በዘመናችንም በኡጋንዳ በቡታቢካ ሐኪም ቤት ከሕመማቸው ያገገሙ ሰዎች ሠልጥነው ሌሎችን ይረዳሉ። በእኛ አገር ግን በጸበል ስፍራና በየቤቱ በሰንሰለት የሚታሰር ወገን ዛሬም አለ፤ ይህም ሊያሳዝነን ይገባል።

የእጅ ስልክ መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓትና የቀጠሮውን ቀን ያሳስባል፤ ሩቅ ያለውን ሕመምተኛም ከረዳቱ ጋራ በድምፅ ያገናኛል። ነገር ግን ስልክ አብሮ አያለቅስም፤ በስልኩ የተነገረውም ነገር እንደ ንስሓ ምስጢር ካልተጠበቀ፥ ረድኤቱ ወደ ጕዳት ይለወጣል። ስለዚህ ስልኩ የረዳቱ መሣሪያ እንጂ ምትኩ ሊሆን አይገባውም።

እንግዲህ ሹማምንት ሆይ፥ የዳነውን ሰው አሠልጥናችሁ፥ ደመወዝ ወስናችሁ፥ በየጤና ጣቢያው አቁሙት፤ በነጻ ብቻ አገልግል ማለት ድካሙን መናቅ ነው። ካህናት አባቶችም ጸበሉ ከሐኪሙ መድኃኒት ጋራ እንደማይጣላ ለሕዝቡ አስተምሩ፤ የዳነውም ሰው በጸበሉ ስፍራ ተገኝቶ ለታሰረው ወንድሙ «እኔም እንዳንተ ነበርሁ» ይለው ዘንድ በሩን ክፈቱለት።