ሸማኔና ሸንጎ

በጀርመን አገር፣ በኤርፉርት ከተማ፣ ያኮብስኮተር የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከወግ አጥባቂዎች ወገን ተመርጦ በመንግሥቱ ሸንጎ ተቀመጠ። በመርፌ ያደረ ሰው ከባለ ርስቶች ጋር እኩል ሲናገር ወገኖቹ አላፈሩበትም፤ የአባቶችን ሥርዐት እጠብቃለሁ የሚል አስቀድሞ የአባቶችን ሙያ ሊጠብቅ ይገባዋልና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 የወጣው ሕግም ለእጅ ሠራተኞች የራሳቸውን ምክር ቤት አቆመላቸው፣ የለማጁንም ትምህርት በእጃቸው አደረገ። ከተቃዋሚው ወገን ደግሞ ኮርቻ ሠሪው ኤበርት በ1919 ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ።

እንግዲህ በአገራችን «ወግ አጥባቂ ነኝ» የሚል ሁሉ ወደ ሽሮ ሜዳ ይውጣ። በእንጦጦ ግርጌ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው እግራቸውን በጉድጓድ ሰደው፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ ነጠላና ጋቢ ይሠራሉ። ካህኑ ለማኅሌት የሚያጣፋው፣ ምእመኑም ለጥምቀት የሚያጌጥበት ከዚያ ነው። ሸማው በቅድስት ይቆማል፤ ሸማኔው ግን «ቁጢት በጣሽ» ተብሏል።

ይህን ስድብ ወግ ነው የሚል ቢኖር ወጉን አያውቅም። ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ለጥበበ እድ ነው፤ ሽመናም በዚያው በኦሪት ዘጸአት ተቈጥሯል። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን በቅጣት ገሥጸዋል። በዚያ ዐዋጅ ከሸማኔው ጋር አብሮ ስሙ ለስድብ እንደ ዋለ የተነገረለት ደብተራው ነው። ይህን ደብተሮች ቢያስቡት መልካም ነበር!

«ሸማኔ ስለ መንግሥት ምን ያውቃል?» የሚሉ አሉ። ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ሕግ ሆኖ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የምርጫው ሕግ ግን ከሚመረጠው ሰው የ1000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት ጠየቀ። በኪራይ ቤት ተቀምጦ ከመጠቅለያውና ከመወርወሪያው በቀር ንብረት የሌለው ሸማኔ፣ ዕውቀቱ ሳይመረመር በደጅ ቀረ። ያ ሕግ ከዘውዱ ጋር አልፏል፤ ልማዱ ግን አላለፈም።

ዛሬ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ በሽሮ ሜዳ ሱቆች ከእጁ ሥራ አጠገብ ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል። ሸማኔው ክሩን በእጁ ዳስሶ የትኛው ሁለት ክረምት እንደሚቆይ፣ የትኛው በአንድ አጠባ እንደሚለቅ ይናገራል። ስለ ቀረጡ፣ ስለ ጥጡ ዋጋ፣ በሐሰት «የሽሮ ሜዳ ሥራ» ተብሎ ስለሚሸጠውም ጨርቅ ምክር ሲደረግ፣ ድርን ከማግ የማይለይ ሰው ተጠርቶ ይህን ሰው አለመጥራት በየትኛው አባት ወግ ነው?