«መጀመሪያ ኤስኢሊኑክስን አጥፋው»

አፓቼ የተጫነበት የሬድ ሃት ሰርቨር 403 አውጥቶ ድረ ገጹን አላሳይ ሲል፣ ልምድ አለው የሚባለው ባለሙያ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ኤስኢሊኑክስን አጥፋው።» ይጠፋል፤ ገጹም ይከፈታል። አንዳንድ የሥራ መመሪያ ላይ ሳይቀር፣ ሰርቨር ሲጫን እንደሚሠራ ተራ ዝግጅት ተቆጥሮ ተጽፎ ይገኛል። ቁልፍ ጠፋ ብሎ በር መገንጠል ጥገና ከተባለ ይህም ጥገና ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የችግሩ መነሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፕሮግራመሩ የገጹን ፋይሎች በመጀመሪያ ሆም ማውጫው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በ«ኤምቪ» ወደ አፓቼ ማውጫ ያዛውራቸዋል። ኤስኢሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፋይል መለያ ይሰጣል፤ የሚፈቅደውና የሚከለክለውም በመለያው ነው። በ«ሲፒ» የተቀዳ ፋይል የገባበትን ማውጫ መለያ ይወስዳል፤ በ«ኤምቪ» የተዛወረው ግን የድሮውን «ዩዘር_ሆም_ቲ» እንደያዘ ይሄዳል። አፓቼ ደግሞ የሰው ሆም እንዲያነብ አልተፈቀደለትም። «ኤልኤስ» ብሎ ለሚያይ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ባለቤቱም ትክክል፣ ፈቃዱም 644። ሰውየው ግራ ይገባውና 777 ያደርገዋል፤ አሁንም እምቢ። ንዴቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ኤስኢሊኑክስ የሚጠፋውም በንዴት ነው። 777 የተደረገውን ወደ ቦታው የሚመልስ ደግሞ እምብዛም አይገኝም።

ኦዲት ሎጉን ቢከፍት ኖሮ መልሱን በአንድ መስመር ያገኘው ነበር። የጠየቀው «ኤችቲቲፒዲ_ቲ» (አፓቼ ማለት ነው)፣ የጠየቀው ነገር ማንበብ፣ የፋይሉ ስም ይኸውና፣ መለያው «ዩዘር_ሆም_ቲ»፣ ተከልክሏል። መድኃኒቱ «ሬስቶርኮን» የሚባል ትእዛዝ ነው፤ መለያውን ለማውጫው ወደሚገባው ይመልሰዋል። አፓቼ ከጀርባው ካለ አፕሊኬሽን ጋር በኔትወርክ መገናኘት ሲከለከልም፣ ለዚሁ የተዘጋጀ «ኤችቲቲፒዲ_ካን_ኔትወርክ_ኮኔክት» የሚባል ማብሪያ አለ። እርግጥ ነው፣ የሎጉ አጻጻፍ ዓይን ያደክማል፤ ሰዓቱ እንኳ የተጻፈው ከ1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ነው። በዚህ ወቀሳው ለሠሪዎቹ ይሁን።

ኤስኢሊኑክስ ቢጠፋም «ፋየርዎል አለን» የሚሉ አሉ። ፋየርዎሉ 443ን ለዓለም ሁሉ ከፍቶታል፤ ለዚያ ነው ድረ ገጽ የሆነው። በአንድ ያረጀ የዎርድፕሬስ ፕለጊን በኩል የገባ ሰው አፓቼን ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ወዲያ የት ድረስ እንደሚደርስ የሚወስነው ኤስኢሊኑክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮንቴይነር ወጥቶ ሰርቨሩን ለመቆጣጠር የሚያስችል ቀዳዳ ኮንቴይነር በሚያስነሳው «ራንሲ» ላይ ሲገኝ፣ ኤስኢሊኑክስ እንደነበረ በርቶ በቆየባቸው የሬድ ሃት ሰርቨሮች ላይ ጥቃቱ ይከሽፍ ነበር። ያጠፉት ያ ዕድል አልነበራቸውም። የሚገርመው፣ አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ ይህንኑ ኤስኢሊኑክስ በሙሉ ኃይሉ ያሠራል። «አጥፋው» ባዩ ምክሩን የሚለግሰው ምናልባት በዚያው ስልክ ነው።

ከአጥፊዎቹ ሻል ያሉ የሚመስሉም አሉ፤ «ኦዲትቱአላው»ን ያስነሱና ሎጉ ላይ ያለውን ክልከላ በሙሉ ወደ ፈቃድ ይለውጡታል። ከላይ ባየነው ፋይል ላይ ይህን ያደረገ ሰው፣ የአንዱን ፋይል የተሳሳተ መለያ በማረም ፈንታ፣ አፓቼ ያንን መለያ የያዘውን የሰው ሁሉ ፋይል እንዲያነብ ሕግ አወጣለት ማለት ነው። ኤስኢሊኑክስ በርቷል ተብሎ ሪፖርት ስለሚደረግ ይሄኛው ሳይታወቅ ይቆያል።

ለምርመራ ሲባል ማላላት ነውር አይደለም። «ሴማኔጅ» አፓቼን ብቻ ለይቶ፣ ሌላው እንደተጠበቀ፣ ሳይከለክል እንዲመዘግብ ያደርጋል፤ ሎጉ ታይቶ ሲስተካከል ይመለሳል። ጨርሶ ያጠፋው ግን መመለሻው ሩቅ ነው። ኤስኢሊኑክስ ጠፍቶ ሳለ የሚፈጠሩ ፋይሎች መለያ አይኖራቸውም፤ እንደገና ለማብራት ዲስኩ ሙሉ በሙሉ መለያ እንዲሰጠው ሰርቨሩ ጠፍቶ መነሣት አለበት። ደንበኛ የሚጠቀምበትን ሰርቨር ለዚህ የሚያቆም አለቃ ስለማይገኝ፣ «ለጊዜው» ተብሎ የጠፋው ሰርቨሩ እስኪጣል ድረስ እንደጠፋ ይኖራል።