ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሰው የትኛው መጋዝ ይበቃዋል?



ባለፈው ቅዳሜ ይህ ጋዜጣ ከሚቀመጥባቸው ምግብ ቤቶች በአንዱ ቡናዬን ስጠጣ አንድ ወንድማችን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ስለ ኢሚግሬሽን ትጽፋላችሁ፣ ስለ ታክስ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ቤት መግዛት ትጽፋላችሁ። ስለ መጋዝ ግን አንድ ቀን እንኳ ጽፋችሁ አታውቁም» አለኝ። የምን መጋዝ? አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድማችን በሥራ ቀናት በመኪናው ሰው ያመላልሳል። ቅዳሜና እሑድ ከዛፍ ቆራጮች ጋር ሜሪላንድ ውስጥ ይሠራል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ነው፤ ቅርንጫፍ ይጎትታል፣ መፍጫው ማሽን ውስጥ ይከታል፣ ግቢ ይጠርጋል። ነገር ግን በዓመት አራት አምስት ጊዜ ያህል ዛፍ ላይ የሚወጣው ሰው ሲቀር እሱ ይወጣል። ሰሞኑን አለቃው «ከእንግዲህ የራስህን መጋዝ ይዘህ ና» ብሎታል። ሱቅ ሄዶ ቢጠይቅ 800 ዶላር የሚጠጋ አሳዩት። «በዓመት አራት ቀን ለምይዘው ዕቃ ይህን ያህል ልክፈል? ረከስ ያለው የትኛው ነው?» ነው ጥያቄው።

መልሱን እዚያው ልነግረው እችል ነበር። ግን ይህን ሥራ የሚሠሩ ወገኖች ቁጥር ቀላል አይደለም። እኔም ብዕር እንጀራ አላበላ ባለኝ ዘመን ሦስት ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ዛፍ ላይ ስለዋልኩ፣ ለሁሉም ይጠቅማል በሚል ወደዚህ ዓምድ አመጣሁት።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው። የሞተር መጋዝ ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የኋላ እጀታው ከሞተሩ ጀርባ የሆነው ነው። ወንድማችን የተጠየቀው ግን እዚህ ቶፕ ሃንድል የሚሉትን፣ የቀኝ እጅ መያዣው ከሞተሩ በላይ የሆነውን ነው። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ ክብደቱ መዳፍ ሥር ስለሚውል በገመድ ተንጠልጥሎ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ምቾቱ ነው። ሲይዙት በአንድ እጅ ቁረጥበት፣ ቁረጥበት ይላል። በሌላው እጅህ ቅርንጫፍ ትይዛለህ፣ መጋዙን በአንዱ ትሰዳለህ።

ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባር ጫፉ ላይ፣ በላይኛው በኩል እንጨት የነካ እንደሆነ መጋዙ በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ባለቤቱ ይፈናጠራል። በሁለት እጅ የያዘው ሰው ይቋቋመዋል። በተጨማሪም የሰንሰለቱ ፍሬን ያለው ከግራ እጅ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ መጋዙ ሲነሳ የእጁ አንጓ ፍሬኑን ገፍቶ ሰንሰለቱን ሊያቆመው ይችላል። በአንድ እጅ የያዘ ሰው ግን እጁም እዚያ የለም፣ ፊትና አንገቱም በመንገዱ ላይ ነው። አገር ቤት ሳለን በባዶ እግሩ ባሕር ዛፍ ያልወጣ ልጅ አልነበረም። ያን ጊዜ ገጀራው ከእጅ ቢያመልጥ ታች ወድቆ ይጠብቀን ነበር። ይሄ ወደ ሰውየው ነው የሚመጣው።

ስለዚህ መሬት ላይ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይህ መጋዝ አይደለም። አምራቾቹም በመመሪያቸው የሚጽፉት ዛፍ ላይ ለመሥራት የሠለጠነ ሰው ብቻ እንዲይዘው ነው። የጓሮውን ዛፍ መሰላል ላይ ቆሞ በዚህ ሊቆርጥ ያሰበ አንባቢ ካለ ሐሳቡን ይተወው። ለእሱ ከምድር ሆኖ የሚሠራበት ረጅም ዘንግ ያለው መጋዝ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋጋው። ሱቅ ውስጥ ለወንድማችን የሚያሳዩት የስቲል ኤምኤስ 201ን ወይም የሁስክቫርና ቲ540ን ነው ብዬ እገምታለሁ። ሁለቱም ድንቅ መሣሪያዎች ናቸው። ግን የተሠሩት ከሰኞ እስከ ዓርብ ዛፍ ላይ ለሚውል ሰው ነው። የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለፍጥነትና ለኃይል ነው፤ በዓመት አራት ቀን የሚወጣ ሰው ከፍጥነቱ የሚያተርፈው ነገር የለም። እንዲያውም ልምድ ለሌለው እጅ ቀስ ያለው ይሻላል እላለሁ።

ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ዶላር አካባቢ፣ ጥሩ ጥሩ ዕቃ አለ። የሁስክቫርና ቲ435 35 ሲሲ ነው፣ ያለ ባሩ 3.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የስቲል ኤምኤስ 194 ወደ 32 ሲሲ ነው። የጃፓኑ ኤኮ ሲኤስ-355ቲ 36 ሲሲ ያህል ሆኖ ጠንካራ ሠራተኛ ነው። የዚሁ ኩባንያ ሲኤስ-2511ቲ ደግሞ 25 ሲሲ ብቻ ቢሆንም ያለ ባሩ 2.4 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለወንድማችን ከቤንዚኖቹ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን የመጨረሻውን እመርጥለታለሁ። ዘወትር የማይወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚዝለው ክንዱ ነው፣ የዛለ ክንድ ደግሞ መጋዝ በአንድ እጅ መያዝ ይጀምራል። ባሩ 12 ኢንች ይሁን። ከዚያ የሚወፍር ግንድ ሲመጣ የኋላ እጀታ ያለውን ትልቁን መጋዝ በገመድ ይላኩለት።

ነገር ግን ቤንዚን ከመግዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ በቤትህ የማኪታ ወይም የሚልዋኪ ባትሪ አለ? ሳቀ። ወንድሙ ቤት ቀለም ቀቢ ነው፣ የማኪታ ባትሪ ስድስት አለው። እንግዲያውስ ነገሩ ተለወጠ። ማኪታ ሁለት ባለ 18 ቮልት ባትሪ የሚጎርስ ቶፕ ሃንድል አለው፣ ሚልዋኪም በኤም18 ባትሪው የሚሠራ አለው። ባትሪና ቻርጀር ሳይጨምሩ ባዶውን መጋዝ መግዛት ይቻላል። ባትሪ የሌለው ሰው ግን ሁሉንም አብሮ ሲገዛ ዋጋው ከቤንዚኑ ሊበልጥበት ይችላል፤ ይህን አስልቶ ነው።

ለአልፎ አልፎ ሥራ ባትሪ የሚያሸንፍበት ምክንያት ሌላ ነው። እዚህ ከየማደያው የምንቀዳው ቤንዚን አብዛኛው 10 ከመቶ ያህል ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ቤንዚኑም ወራት ሲቆይ ይበላሽና ካርቡራቶሩን ይደፍናል። በመጋቢት ያስቀመጥከውን መጋዝ በሐምሌ ማዕበል ማግስት ስታወጣው አልነሳ ይልሃል። ቤንዚን የሚገዛ ሰው በ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ቀላቅሎ ይጠቀም፤ ለአንድ ጋሎን 2.6 አውንስ መሆኑ ነው። የሚያስቀምጠው ከሆነ ነዳጁን ጨርሶ ያፍስስ፣ የቀረውን ሞተሩ እስኪጠፋ ያቃጥለው። ኢታኖል የሌለው፣ ተቀላቅሎ በቆርቆሮ የታሸገ ቤንዚንም ይሸጣል። ውድ ነው፣ ግን በዓመት አራት ቀን ለሚሠራ ሰው ካርቡራቶር ከማስጠገን ይረክሳል። ባትሪ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ገመድ መጎተትም የለም። ታች ያለው ሰው «ቁም!» ሲል ይሰማል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ዝም ስላለ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ቦታ ከመቀየር በፊት ፍሬኑ መያዝ አለበት።

አሁን ደግሞ የራሴን ስሕተት ልናገር። መጀመሪያ የገዛሁት መጋዝ ስም የሌለው፣ የታወቀውን አስመስለው የሠሩት፣ በፖስታ የመጣ ነበር። ከ150 ዶላር በታች። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሜፕል ላይ ሆኜ ነዳጁን ስለቀው ሰንሰለቱ መዞሩን አላቆመም። ሞተሩ በቀስታ እያለ ሰንሰለቱ ይሄዳል። ፍሪሲዮኑ አይለቅም ነበር። ድካም ይዞኝ ስለነበር ፍሬኑን ሳልይዝ ወደ ጎን አወረድኩትና ወገቤን ከግንዱ ጋር የሚያስረውን ገመድ ነካው። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ታች ወርጄ ሳየው የገመዱ ግማሽ የለም። በዚያን ቀን ከላይ የታሰረ ሁለተኛ ገመድ ነበረኝ። ብዙ ቀን ግን አልነበረኝም።

መጋዙን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውየው አገላብጦ አየና መለዋወጫ ስለማይገኝለት አልነካውም ብሎ መለሰልኝ። ርካሹን ዕቃ መሬት ላይ ጥዬ ሌላ ገዛሁ። ስለዚህ ምክሬ፣ የትኛውንም ስም ብትመርጥ ከቤትህ በግማሽ ሰዓት መንገድ የሚጠግነው ሰው ያለውን ግዛ። ዋስትናውንም ስትጠይቅ «ለቤት ነው ለሥራ?» የሚለውን አትለፍ። ለገንዘብ የሚሠራበት ዕቃ ዋስትናው ብዙ ጊዜ ያጥራል።

አሮጌ መግዛት ነውር የለበትም። የደከመ ባለሙያ የሸጠው 201 ከአዲስ ርካሽ ዕቃ ሊሻል ይችላል፣ ወይም ደግሞ ያለቀለት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ቤት ስትደርስ ሞተሩን ዳስሰው፤ ሙቅ ከሆነ ሰውየው ቀደም ብሎ አስነስቶታል፣ በብርዱ እንዴት እንደሚነሳ እንድታይ አልፈለገም ማለት ነው። ጠፍቶ ሳለ በማስነሻው ገመድ አንጠልጥለው፤ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ መጭመቂያው ደክሟል። አስነሳውና ነዳጁን ልቀቀው፣ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ፍሬኑን ገፍተህ ሞክር። የሰንሰለቱ ዘይት መምጣቱን ለማየት ባሩን ወረቀት ላይ አዙረህ ትንሽ ስታስጮኸው ነጠብጣቡ ይታያል። የመለያ ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ዝም ብለህ ወደ ቤትህ ተመለስ፤ የሰው ዕቃ ነው።

ወንድማችን የያዘው 800 ዶላር ከሆነ እኔ እንዲህ አከፍለዋለሁ። ግማሹ ለመጋዙ። ከቀረው መጀመሪያ የሚገዛው ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው የወገብ ገመድ ነው። ቢነካ ቶሎ አይበጠስም፣ ግን ሽቦም ቢሆን ለመጋዝ አይበገርም። ስለዚህ የአሜሪካ የዛፍ ሥራ ደህንነት ደንብ፣ ዜድ133 የሚባለው፣ ዛፍ ላይ የሞተር መጋዝ ሲያዝ ሁለት መታሰሪያ ይጠይቃል። ከዚያ የራስ ቁር፣ የዓይንና የጆሮ መከለያ። ከዚያ ደግሞ ሲልኪ የሚባለውን የጃፓን ዓይነት የእጅ መጋዝ ከነሰገባው። ብዙዎች ይንቁታል። እኔ ግን ከእጅ አንጓ የማይወፍረውን ቅርንጫፍ ሁሉ በእሱ ነበር የምቆርጠው። በአንድ እጅ መቁረጥ የግድ ሲሆን የሚያዘው እሱ ነው። በዓመት አራት ጊዜ ለሚወጣ ሰው የሥራውን ግማሽ ይሸከምለታል።

ዛፍ መምረጥም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ አሽ የሚባለውን ዛፍ የሚገድለው አረንጓዴ ጢንዚዛ የተገኘው በ2003 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየጓሮው የደረቀ አሽ ቆሟል። የደረቀ አሽ እንደ ደረቅ ዳቦ ይሰበራል። ባለሙያ እንኳ በማንሻ መኪና እንጂ ወጥቶ አይቆርጠውም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለም ለሥራው ያልሠለጠነ ሰው ቢያንስ 10 ጫማ ይራቅ።

ቡናው አልቆ ሒሳብ ስንከፍል የቀረኝን ጥያቄ ጠየቅሁት። አለቃህ የሚከፍልህ እንዴት ነው? በጥሬ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በቼክ፣ በዓመቱ መጨረሻ 1099 ይሰጠኛል አለ። የራስህን መጋዝ አምጣ ማለት የመጣው እንግዲህ ከዚህ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የማን ነው የሚለው፣ አንድ ሰው ተቀጣሪ ነው ወይስ ለራሱ የሚሠራ ተቋራጭ የሚለው ሲመዘን ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። ተቋራጭ የተባለ ሰው ደግሞ ከዛፍ ቢወድቅ በጥቅሉ የአሠሪው የጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። የሆስፒታሉን ሒሳብ ራሱ ይችለዋል፣ አገር ቤት በየወሩ የሚላከው ገንዘብም ይቋረጣል። ወረቀቱ 1099 ስላለ ብቻ ነገሩ አለቀ ማለትም አይደለም። ሕጉ ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ያያል። ስለዚህ ከመጎዳት በፊት ጠበቃ ወይም የሠራተኛ መብት ድርጅት ማማከር ይቻላል።

ሌላም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ በክፍያ የዛፍ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ከስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያለው የዛፍ ባለሙያ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ሕግ ከ1945 ጀምሮ ያለ ነው። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ዙሪያው 44 ኢንች የደረሰን ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ አይቻልም፤ 100 ኢንች የሞላው ጤነኛ ዛፍ እንዲቆረጥ ጭራሽ አይፈቀድም። አለቃው ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን እንዲያሳየው መጠየቅ ነውር አይደለም። ደንበኞችም ይጠይቁታል።

«እምቢ ቢለኝስ?» አለኝ ወንድማችን።

መሬት ላይ ሥራ፣ ከላይ አትውጣ አልኩት። ካሳየህ ግን የወንድምህን ባትሪዎች ተዋስ፣ ባዶውን መጋዝ ግዛ፣ መጀመሪያውን ቅዳሜ መሬት ላይ በወደቀ ግንድ ላይ በሁለት እጅህ እየቆረጥክ፣ የተሠማራ ሰው አጠገብህ ቆሞ እያየህ ዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ። ስልኩን ሰጥቶኝ ሄደ፤ ምን እንደ ወሰነ ሲነግረኝ በዚሁ ዓምድ አስታውቃችኋለሁ።