በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋስ ይጠራ ነበር

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ በመልኳ ብቻ አይረኩም ነበር። ጥርሷን ገልጠው ዕድሜዋን ያያሉ፤ ሰኮናዋን አንሥተው ይመረምራሉ፤ ጥቂትም አስሮጠው ትንፋሿን ያዳምጣሉ። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ወደ ሻጩ ዞረው «ዋስህን ጥራ» ይሉታል። በቅሎዪቱ የሌላ ሰው ሀብት ሆና ብትገኝ የሚጠየቀው ሰው ሳይታወቅ ገንዘብ ከእጅ አይወጣም ነበር። እኛ ግን ዛሬ የብዙ በቅሎ ዋጋ የሚያወጣ መኪና ስንገዛ ይህን ጥንቃቄ እንተዋለን። እኔም ከተዉት ሰዎች አንዱ ነበርሁና የደረሰብንን ነገር ለቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ እጽፈዋለሁ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በአሶሳ ዙሪያ ማንጎ እየገዙ ለገበያ የሚያቀርቡ ነጋዴ ናቸው። ማንጎ አንድ ጊዜ ከበሰለ ቀን አይሰጥም። የኪራይ መኪና ሲጠብቁ ፍሬው እየተበላሸ ስላስቸገራቸው፣ ለብዙ ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ ያገለገለ ፒካፕ ለመግዛት ቆረጡ። «መምህር፣ አንተ ፊደል የቆጠርህ ነህ፤ ወረቀቱን አንብብልኝ» አሉኝ። ጋሼን እንቢ ማለት አይቻልምና በጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን፣ አብረን ወደ አዲስ አበባ ሄድን።

ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህም ርቀት ለደላላ ትልቅ ረዳቱ ነው። ከሩቅ የመጣ ገዢ የአልጋና የምግብ ሒሳብ በየቀኑ ስለሚቆጠርበት ይቸኩላል፤ ደላላም የቸኮለውን ሰው ከአነጋገሩ ያውቀዋል።

የገበያውም ጠባይ ልዩ ነው። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ በእኛ ሀገር ግን እያረጀ ሲወደድ አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም የብር ዋጋ ወረደ። ስለዚህ በእጅ ያለ መኪና እንደ ጥሪት ተቆጠረ። ብዙ ጊዜ የዕለቱን ዋጋ የሚነግርህ ደላላው ነው፤ እርሱም ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ድርሻው ከፍ የሚልለት ሰው ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ዞርን። አንዲቱን ነጭ ፒካፕ ሦስት ደላሎች በሦስት ልዩ ልዩ ዋጋ አሳዩን። አንደኛው «የሐኪም መኪና ናት፤ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ነው የተነዳችው» አለን። ሁለተኛው ያችኑ መኪና «የገጠር መንገድ የለመደች ብርቱ ናት» አላት። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር በልጆቹ ስም ማለ። ጋሼ በዚህ ስቀው ነበር፤ ማታ ግን የቀረውን የመንገድ ስንቅ ሲቆጥሩ ሳቃቸው ጠፋ።

በአራተኛው ቀን ከሌሎቹ ሁሉ በዋጋ የምትቀንስ መኪና ተገኘች። ሞተሯ ደኅና ነበር፤ ጎማዋም አዲስ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ብሎ ስላስቸኮለን ጋሼ 50,000 ብር ቀብድ ከፈሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እኔ ወረቀቱን ያነበብሁት ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ፣ ማታ አልጋ በያዝንበት ቤት ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው ስም የሻጩ ስም አልነበረም። ሻጩ የሚሸጠው በውክልና ነበር።

በማግሥቱ «ባለቤቱን አገናኘን» ብለን ጠየቅነው። መጀመሪያ «ውጭ ሀገር ናቸው» አለ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ታመዋል» አለ። ሁለቱ ቃላት ስላልተስማሙልኝ በውክልናው ላይ ያለውን አድራሻ ይዘን ቤቱን ፈለግነው። በሩን የከፈቱልን ከል የለበሱ ወይዘሮ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። መኪናዪቱ ጋራዥ ገብታ እየተጠገነች ነው ተብለው እንጂ ለሽያጭ መቆሟን አልሰሙም። ሁለት ልጆች ከኋላቸው ቆመው ይመለከቱን ነበር።

ጋሼ «ነፍስ ይማር» አሉና ጥቂት ቆይተው ነገሩን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯቸው። ከደጅ ስንወጣም «መምህር፣ ርካሽ የሆነችበትን ምክንያት አንድም ጊዜ አልጠየቅንም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያልጠየቅነው ደላላው ስለ ከለከለን አይደለም፤ መልሱን መስማት ስላልወደድን ነው።

ገንዘቡን ለማስመለስ ሁለት ቀን ተከራከርን። ደላላው «ቀብድ የሰጠ ሰው ከተወ ገንዘቡ ይቀርበታል» አለ። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንዲህ ይላል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ቢተው ደግሞ እጥፍ እንዲመልስ ያዝዛል። ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 2232፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደሚቀር ይናገራል። የመሸጥ ሥልጣን የሌለው ሰው በምን መብት ቀብድ ይይዛል? በመጨረሻ 5,000 ብር «የድካም ነው» ብሎ አስቀርቶ የቀረውን መለሰ። የወይዘሮዪቱም ወንድም መኪናዪቱን ከቆመችበት አንሥቶ ወደ ግቢያቸው መለሳት። ጋሼ ግን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ የዚያ ዓመት ማንጎም በኪራይ መኪና ተጓዘ።

በታማኝነት የሚሠሩ ደላሎች መኖራቸውን አልክድም። ሆኖም ለቤተ ሰቡ መኪና የሚገዛ ሰው እነዚህን ነገሮች እንዳይዘነጋ እመክራለሁ። አስቀድሞ በሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን እንደ ሆነ ይመልከት፤ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩን ራሱን ያነጋግር። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያይ። መኪናው ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለበት ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ሞተሩን ጠዋት ሳይሞቅ ያስነሣ፤ የሚመረምረውም መካኒክ ራሱ ያመጣው እንጂ ደላላው የጠራው አይሁን። የተነዳበትን ኪሎ ሜትር የሚያሳየው ቁጥር ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል በእርሱ ብቻ አይመን። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፤ ገንዘቡም በባንክ ይተላለፍ፤ ስሙንም ለማዞር አይዘግይ። ይህ ሁሉ ሳይጣራ ቀብድ አይስጥ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ዋጋው ከሌላው ሲያንስ ደስ ከመሰኘቱ በፊት «ስለ ምን አነሰ?» ብሎ ይጠይቅ። አባቶቻችን «ዋስህን ጥራ» ሲሉ ለገንዘባቸው ብቻ አልነበረም። የሌላ ሰው ሀብት ሳያውቁ ወደ ቤታቸው እንዳይገባ መጠንቀቃቸውም ነበር።