ከጓሮአችን፦ የተሰበረው ጋን ሥራ አገኘ

ዛሬ ስለ ትል እናነባለን። አትጸየፉ! እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ድንች ተላጠ። ልጣጩ የት ሄደ? ቡና ተፈላ። አተላው የት ተደፋ? ደጅ ላይ ነው። እዚያ ዝንብ ይሰበስባል።

በከተማ ደግሞ ጥራጊው በመኪና ተጭኖ አንድ ቦታ ይከመራል። በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ፣ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር ኖሮ ተራራ አክሎ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተናደ። ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ።

ከከተማ ቆሻሻ ብዙው ከማድ ቤት የሚወጣ፣ የሚበሰብስ ነገር ነው። ተከምሮ አየር ሲያጣ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። በየቤቱ ቢቀር ግን አፈር ይሆናል። ይህን የሚሠራልን ቀይ ትል ነው። ደመወዝ አይጠይቅም።

እኛ አስተማሪዎች ያረፍንበት ቤት አንድ የተሰበረ ጋን ነበር። ውሃ እንዲያወጣ ከታች ቀዳዳ አበጀንለት። ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ጭድና የቆየ እበት አርሰን ጨመርን። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ ውሃ ከበዛ ትሉ ይታፈናል። ከዚያ ቀይ ትል አስገባንና በኬሻ ሸፈንነው። ትሉ ብርሃን አይወድም።

ከዚያ ተሳሳትን። የተረፈ ወጥ ደፋንበት። በማግሥቱ ግማሹ ትል ሞቷል፤ ግማሹ በጋኑ ግድግዳ ይሸሻል። የቤቱ እናት አይተው ሳቁብን።

«ልጆቼ፣ እናንተ የኔን ወጥ ስትበሉ ታለቅሳላችሁ። ትሉ ታዲያ ምን ይሁን?» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ጨው፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ሥጋና ሎሚ ለትል አይሰጥም። የሚሰጠው የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ ነው። ተቆራርጦ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ከጭዱ ሥር ይቀበራል። ያለፈው ሳይበላ ሌላ አይጨመርም።

ከዚያ ወዲያ እማማ ሥራውን ተረከቡን። በ3 ወር ውስጥ ልጣጩ ጥቁር አፈር ሆነ። ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል እንጂ አይከረፋም። አፈሩን ለማውጣት ምግቡን በአንድ ወገን ብቻ አደረጉ። ትሉ ወደዚያ ሲሰበሰብ፣ ከሌላው ወገን ዘገኑ። ለአንዱ የጎመን መደብ ሰጡ፣ ሌላውን ተዉት። የተሰጠው ቅጠሉ ሰፋ።

ትሉን ከየት እናምጣ ትሉ ይሆናል። የሚፈለገው በፍግና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የሚኖረው ቀይ ትል ነው። በጥልቅ አፈር የሚኖረው አይሆንም። የግብርና ባለሙያችሁን ጠይቁ፤ ለይቶ ያሳያችኋል።

እማማ ፊደል የቆጠሩት ዘንድሮ ነው። ልጃቸው አዲስ አበባ ትኖራለች። ባለፈው እሑድ የመጀመሪያ ደብዳቤያቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉላት።

«ልጄ ሆይ፣ ልጣጭሽን አትጣይ። ትል አርቢ። እናትሽ።»

ይኸው ነው ደብዳቤው። እኛም ከዚህ የምንጨምረው የለንም።

ጥያቄዎች
1. ለትል የማይሰጡ ነገሮችን ጻፉ።
2. የጋኑ ቀዳዳ ለምን ይጠቅማል?
3. ከተማ ዘመድ አላችሁ? እንደ እማማ 3 መስመር ጻፉለት።