ዙሪያችንን እናንብብ፦ ቀዩ የውሃ ተርብ

ወንዝ ስትወርዱ አንድ ቀይ በራሪ በደረቅ እንጨት ጫፍ ላይ ተቀምጦ አይታችኋል? ክንፎቹ አራት ናቸው። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው። ብድግ ይላል፤ ዞር ዞር ይላል፤ ተመልሶ እዚያው እንጨት ላይ ያርፋል። እዚህ ገጽ ላይ የውሃ ተርብ እንለዋለን። ተርብ እንበለው እንጂ መንደፊያ የለውም። ሰው አይነድፍም።

ቀይ የውሃ ተርብ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ታዲያ እንዴት እንለየዋለን? ፊደል ስንማር ሰ እና ሸን የለየነው በምንድን ነው? ከላይ ባለችው ትንሽ ሰረዝ ነው። እዚህም እንደዚያው ምልክት አለ።

አንደኛ፣ ጅራቱን እዩ። ጅራቱ ቀይና ቀጭን ነው። ወደ ጫፉ ሲደርስ በግራና በቀኝ ጥቁር ምልክት አለው።

ሁለተኛ፣ ክንፉን እዩ። ክንፉ እንደ መስታወት ያሳያል። በክንፉ ውስጥ ያሉት ሥሮች ግን ቀይ ናቸው።

ሁለቱም ምልክቶች ካሉ፣ ይህ በሳይንስ ትሪቴሚስ አርቴሪዮሳ የሚባለው ነው። ስሙ የደም ሥርን ያስታውሳል። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በኢትዮጵያም በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይገኛል።

አንድ ቀይ ዘመድ አለው። የዚያኛው ጅራት ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ ነው። ጥቁሩ ምልክትም የለውም። ሁለቱም ኩሬ ዳር ሊገኙ ስለሚችሉ በቦታው ብቻ አትፍረዱ።

ቀይ የሚሆነው ያደገው ወንድ ነው። ሴቷ ወደ ቢጫና ቡናማ ታደላለች።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ሴቷ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ክንፍ የለውም። ውሃ ውስጥ እየኖረ የትንኝ እጭ ይበላል። ሲያድግ ደግሞ ትንኝና ዝንብ በአየር ላይ ይይዛል። ወባን ብቻውን አያጠፋም፤ አጎበር መዘርጋት አይቅር። ቢሆንም ረዳታችን ነው።

እንግዲህ የፀረ ተባይ መርጫ ዕቃ ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። መርዙ እጩን ይገድላል። ውሃውን የሚጠጣውን ሰውና ከብትም ይጎዳል። ልጆችም የውሃ ተርብ ይዘው ክር እንዳያስሩበት ምከሯቸው።

ለልምምድ፦ ወንዝ ስትወርዱ ቀዩን በራሪ ሳትይዙ፣ ቆም ብላችሁ እዩት። ያያችሁትን ምልክት በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።